ዓሣን በብልሃት፦ የካርፕ አጥማጁ ሪቻርድ ዎከር ሕይወት

በእንግሊዝ ሀገር ሙቀቱ ወር ሲገባ በየገጠሩ ያሉ የመዝናኛ ሐይቆች ዳርቻቸው በድንኳን ይሞላል። ቤተሰብ ለዕረፍት ይመጣል፤ ልጆች በሣሩ ላይ ይቦርቃሉ። ከውኃው ጥግ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩ፣ ዓይናቸውን ከሐይቁ የማይነቅሉ ሰዎች ይታያሉ። እነዚህ ሰዎች ካርፕ የተባለውን ዓሣ በማጥመድ የሚወዳደሩ ናቸው።

ውድድሩ በዕጣ ይጀምራል። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከከረጢት ውስጥ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩም የሚቀመጥበትን ቦታ ይነግረዋል። ዕጣው ዓሣ ከሚያዘወትረው ጥግ የጣለው ሰው ፊቱ ይፈካል። ዕድሉ ከተራቆተ ዳርቻ ያሳረፈውም ያገኘውን ቦታ ተቀብሎ ዘንጉን ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ሰዓታት ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ውድድር ሌሊቱንም ጨምሮ ቀናትን ይወስዳል። በድንገት ከዘንጉ ሥር የተተከለች ትንሽ መሣሪያ ትጮኻለች። ተወዳዳሪው ከድንኳኑ ዘልሎ ይወጣል፤ ዘንጉም ይጎብጣል። ዓሣው በሰፊ መረብ ይወጣና በረጠበ ለስላሳ ምንጣፍ ላይ ይጋደማል፤ በዳኛ ፊት ይመዘናል፤ ክብደቱም ይጻፋል። በመጨረሻ በሕይወት ወደ ውኃው ይመለሳል። አሸናፊው የያዛቸው ዓሦች ክብደት ተደምሮ የበለጠለት ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የአንድ ሰው አሻራ አለ። የምትጮኸውን መሣሪያ ያስለመደ፣ ክሩን ወደ ሩቅ የሚወስደውን እርሳስ የቀረጸ፣ የካርፕን ጉልበት የሚችል ዘንግ ያሰናዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ዓሣ ሊያዝ እንደሚችል በተግባር ያሳየ ሰው ነው። ስሙ ሪቻርድ ዎከር ይባላል። ስሙን ያስጠራው ግን የውድድር ዋንጫ አልነበረም። ጨለማ በዋጠው አንድ ኩሬ ዳር፣ ከአንድ ዓሣ ጋር ያደረገው ትግል ነው። የሕይወት ታሪኩን እናወጋችኋለን፤ በጽሑፉ ውስጥ የምናነሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሰውየውን ለማወቅ መጀመሪያ ዓሣውን ማወቅ ይገባል። ካርፕ ጥንተ መኖሪያው የእስያና የምሥራቅ አውሮፓ ውኃ ነው። ሰውነቱ ደንዳና፣ ቅርፊቱ ሰፋፊና ወርቅማ ሲሆን ከአፉ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት አጫጭር ጢሞች አሉት። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ምግቡን የሚፈጨው በጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጠንካራ ጥርሶች ነው። የውኃውን ወለል ጭቃ በአፉ እየማገ ትል፣ ቀንድ አውጣና የዕፅዋት ዘር ይለቅማል፤ የማይፈልገውንም መልሶ ይተፋል። የአየር ከረጢቱን ከውስጥ ጆሮው ጋር የሚያያይዙ ጥቃቅን አጥንቶች ስላሉት የመስማት ችሎታው ከብዙ ዓሦች የላቀ ነው። በዳርቻው ላይ ጠንከር ብሎ የሚረግጥ እግር ምግቡን ትቶ እንዲሸሽ ያደርገዋል።

ይህ ዓሣ ወደ እንግሊዝ የገባው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደ ሆነ ይታመናል። የገዳማትና የመኳንንት ኩሬዎች መኖሪያው ሆኑ። ዕድሜው ሲገፋም አካሉ ገዘፈ። ነገር ግን እየገዘፈ በሄደ ቁጥር ጥንቃቄውም አብሮ አደገ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከእንግሊዝ አጥማጆች ብዙዎቹ ትልቅ ካርፕን በመንጠቆ መያዝ የማይሆን ነገር ነው ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር። አንድ ሰው ዕድል ቀንቶት ቢይዘው እንኳ ክሩ ይበጠሳል፤ ካልሆነም ዘንጉ ይሰበራል። በ1930 ማፐርሊ በተባለ የውኃ ማጠራቀሚያ የተያዘ 26 ፓውንድ ወይም 12 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ካርፕ ለ21 ዓመታት የሀገሩ ክብረ ወሰን ሆኖ ቆየ። ሰውም ከዚያ የሚበልጥ እንደማይገኝ አምኖ ተቀመጠ።

ሪቻርድ ዎከር የተወለደው በግንቦት 1918 ከለንደን በስተ ሰሜን በምትገኘው ሂቺን ከተማ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የወንዝና የኩሬ ዳር አይለቅም ነበር። ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የምህንድስና ትምህርት ቀሰመ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በፋርንቦሮ በሚገኘው የንጉሣዊው የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ተመድቦ በራዳር መሣሪያዎች ላይ ሠራ። ራዳር ዓይን የማያየውን ነገር በጨለማና በደመና ውስጥ ሆኖ የሚያስታውቅ መሣሪያ ነው። ይህ ወጣት መሐንዲስ ከጦርነቱ በኋላ በሕይወቱ ሁሉ ሲያሳድደው የኖረው ጥያቄም ከዚሁ ይመሳሰላል፤ በጨለማ፣ ከውኃ በታች፣ ሳይታይ የሚሄደውን ፍጡር እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ጦርነቱ ሲያበቃ በሌችወርዝ ከተማ ወዳለው የቤተሰቡ ድርጅት ተመለሰ። ድርጅቱ የሣር ማጨጃ መሣሪያ ያመርት ነበር። ዎከር ቀን ቀን ስለ ብረት፣ ስለ ምላጭና ስለ ሞተር ሲያስብ ይውላል፤ ሲመሽና የዕረፍት ቀን ሲደርስ ወደ ውኃ ይወርዳል። ሁለቱ ሥራዎቹ ግን የተለያዩ አልነበሩም። በፋብሪካ ውስጥ አንድ ማሽን ሲበላሽ ዕድለ ቢስ ነው ተብሎ አይተውም፤ ተፈትቶ ጉድለቱ ይፈለጋል። ዎከር ይህንኑ ልማድ ወደ ውኃው ዳር ይዞት ሄደ። ካርፕ የማይያዘው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ከዕድል ዘንድ አልፈለገም።

ያገኘው መልስ ሁለት ገጽታ ነበረው። አንደኛው ጉድለት የመሣሪያው ነው። በዘመኑ ገበያ ላይ የነበሩት ዘንጎች ወይ ቀጥነው ለትንሽ ዓሣ ብቻ የሚሆኑ ነበሩ፤ ወይ ደግሞ ለባሕርና ለሳልሞን ተብለው የተሠሩ፣ ደንድነው የማይታጠፉ ነበሩ። ቀጭኑ ትልቅ ካርፕን አያቆምም። ደንዳናው ደግሞ የዓሣውን ድንገተኛ ሩጫ ስለማያለዝብ ክሩን ያስበጥሳል። ሁለተኛው ጉድለት የአጥማጁ የራሱ ነው። በዳርቻው ይንጎራደዳል፤ መብራት ያበራል፤ ጥላውን በውኃው ላይ ይጥላል። ዓሣው ዘንጉ ሳይዘረጋ ገና ሰውየው መምጣቱን አውቆ ይርቃል።

ዎከር ከመጀመሪያው ጉድለት ጀመረ። ቀርከሃ ሰንጥቆ ስድስት ባለ ሦስት ማዕዘን ረጃጅም ቁራጮችን በማጣበቅ ዘንግ የመሥራት ጥበብ ከእርሱ በፊት የነበረ ነው። እርሱ የጨመረው ስሌትን ነው። ዘንጉ ከእጀታው እስከ ጫፉ ድረስ የት ላይ ምን ያህል መቅጠን እንዳለበት አሰበ፤ ሠርቶ ሞከረ፤ ያልሆነውን ጥሎ እንደገና ሠራ። በመጨረሻም ማርክ አራት የተባለውን ሦስት ሜትር ገደማ የሚረዝም የካርፕ ዘንግ አሰናዳ። የዚህ ዘንግ ብልሃት ከጫፍ እስከ እጀታ ተካፍሎ መታጠፉ ነው። ዓሣው ሲጎትት ዘንጉ እንደ ቀስት ይለጠጥና ጉልበቱን ይውጣል፤ ዓሣው ሲደክም ደግሞ መልሶ ይስበዋል። በዚህ መንገድ ቀጭን ክር ከአቅሙ በላይ የሚመዝነውን እንስሳ መያዝ ቻለ። ማርክ አራት ዛሬም የቆዩ ዕቃዎችን በሚሰበስቡ አጥማጆች ዘንድ እንደ ቅርስ ይፈለጋል።

ቀጥሎ ሌሊቱን አሰበ። ትልልቅ ካርፖች ብዙ ጊዜ የሚመገቡት በጨለማ ነው። አጥማጁ ግን በጨለማ ክሩን አያይም፤ ሌሊቱን ሙሉ በእጁ ይዞ መቀመጥም አይችልም። ለዚህ ያበጀው መፍትሔ በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ነበር። ክሩ በአንዲት ቀጭን ክንድ ላይ ተደግፎ ያልፋል። ዓሣው ምግቡን አንሥቶ ሲሄድ ክንዷ ትንቀሳቀሳለች፤ ሁለት ጫፎች ይነካካሉ፤ የኤሌክትሪክ መሥመሩ ይገጠምና መሣሪያዋ ትጮኻለች። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ነገር ግን አጥማጁ ከውኃው ዳር ራቅ ብሎ፣ ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ አስቻለው። በዚህም ሁለተኛው ጉድለት፣ የሰው ኮቴና እንቅስቃሴ፣ አብሮ ተቃለለ።

ዎከር ይህን ሁሉ ለብቻው አላደረገም። በ1950 ዴኒስ ዋትኪንስ ፒችፎርድ የተባለው የልጆች መጽሐፍ ደራሲና ሠዓሊ ስለ ካርፕ አጥማጅነት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በየቦታው ተበታትነው ለየብቻቸው ይደክሙ የነበሩ ሰዎችን አገናኘ። ዎከር ለደራሲው ጻፈ፤ ደራሲውም መለሰ። ሞሪስ ኢንግሃም ከተባለ ሌላ አጥማጅ ጋርም ብዙ ደብዳቤ ተለዋወጠ። የሁለቱ ደብዳቤዎች በ1953 ተሰብስበው በመጽሐፍ ታትመዋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያም እነዚህ ሰዎች አነስተኛ የካርፕ አጥማጆች ክበብ መሠረቱ። አባላቱ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እያንዳንዱ ያየውን ይጽፋል፤ ጽሑፉም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። የአንዱ ስሕተት ለሌላው ትምህርት ሆነ። እውቀትን እንደ ምሥጢር መደበቅ በተለመደበት ሥራ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር ነበር።

ታሪኩ ወደ ከፍታው የወጣው ሬድማየር በተባለ ትንሽ ኩሬ ነው። ኩሬው በዌልስ ድንበር አቅራቢያ በሄርፎርድሺር አውራጃ በአንድ የግል ይዞታ ውስጥ ይገኛል። ስፋቱ ከአንድ ሄክታር ጥቂት ይበልጣል፤ በእኛ ገበሬ ልኬት አምስት ጥማድ ገደማ ነው። በ1934 የኩሬው ባለቤቶች ውኃውን የወረረው አረም አስቸግሯቸው ነበርና አረሙን ይቀንሱልን ብለው 50 ትናንሽ ካርፖች አስገቡ። ከዚያም ጉዳዩ ተረሳ። ዓሦቹ ግን አልተረሱም፤ በጸጥታው ውኃ ውስጥ ዓመት በዓመት ላይ እየጨመሩ ገዘፉ።

በ1951 መጸው ላይ ቦብ ሪቻርድስ የተባለ አጥማጅ ከዚህ ኩሬ 31 ፓውንድ ከ4 አውንስ፣ ማለትም ከ14 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ካርፕ ይዞ ወጣ። ለ21 ዓመታት የቆየው ክብረ ወሰን ተሰበረ። ዎከርና ጓደኞቹ ወሬውን ሲሰሙ ስለ ኩሬው ጠይቀው ፈቃድ አገኙ። በቀጣዩ ዓመት ተራ በተራ እየሄዱ ከዳርቻው ያድሩ ጀመር። ከዛፍ ላይ ሆነው ዓሦቹ የሚሄዱበትን መንገድ፣ የሚበሉበትን ሰዓትና ጥግ ይመለከታሉ። ውኃው በአረም የተሞላ ነው፤ ዓሣ ቢያዝ እንኳ አረሙ ውስጥ ገብቶ ማምለጡ የማይቀር ይመስላል።

መስከረም 1952 ገባ። ዎከር የ34 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ከጓደኛው ፒት ቶማስ ጋር ወደ ሬድማየር ሄዶ ዘንጎቹን ዘረጋ። በመንጠቆው ላይ ያደረገው ውድ ነገር አልነበረም፤ የዳቦ ሊጥና የዳቦ ቅርፊት ነው። ብልሃቱ አቀማመጡ ላይ ነበር። ሊጡ ብቻውን ወደ አረሙና ወደ ጭቃው ይሰምጣል፤ ቅርፊቱ ብቻውን ይንሳፈፋል። ሁለቱ ተመጣጥነው ሲቀመጡ ግን ምግቡ ቀስ ብሎ ወርዶ በአረሙ ላይ ለስለስ ብሎ ያርፋል። የሚፈልገው ዓሣም ያየዋል፤ ሲያነሣውም ከባድ ነገር ሆኖ አያስደነግጠውም።

ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በየልብሳቸው ተጠቅልለው ተጋደሙ። ሊነጋጋ ጥቂት ሲቀረው፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ዎከር ተነሥቶ ክሩ እየወጣ መሆኑን አረጋገጠና ዘንጉን አነሣ። በሌላው ጫፍ ያለው ነገር አልቆመም። ዝግ ባለ፣ ግን ሊገታ በማይችል ጉልበት ወደ ጥልቁ ሄደ። ዎከር ፍጡሩን በዓይኑ አያየውም፤ የሚያውቀው በዘንጉ ንዝረት ብቻ ነው። ክሩ የሚሸከመው ጉልበት ከዓሣው ክብደት እጅግ ያነሰ ነው። ችኮላ ቢገባው ወይም እጁ ቢከብድ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ያበቃል። ዓሣው በዳርቻው ወዳለው ቁጥቋጦና አረም ገባ። እርሱም ሳይታገል፣ ሳይለቅ፣ የተለካ ግፊት ብቻ አሳድሮ ጠበቀ። ዓሣው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ቶማስም በጨለማው ውስጥ መረቡን ዘርግቶ ተቀበለው።

ሣሩ ላይ የተጋደመው ዓሣ ከሁለቱም ግምት በላይ ነበር። ክብደቱ 44 ፓውንድ ሆኖ ተመዘገበ፤ 20 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ዓመት እንኳ ያልሞላው የሪቻርድስ ክብረ ወሰን በአንድ ሌሊት በ6 ኪሎ ግራም ገደማ ተበለጠ። ይህ በአጥማጆች ታሪክ ውስጥ ትልቅ ዝላይ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ክብደቱ የተናገረው ነገር ነው። አይያዝም የተባለው ዓሣ ተያዘ፤ የያዘውም ዕድል ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ ዘንግ፣ የተመጣጠነ ሊጥና ድምፅ ሳያሰሙ መጠበቅ ነው። አበው ዓሣን መብላት በብልሃት እንዲሉ፣ ማጥመዱም ብልሃት እንደሚሻ የሬድማየር ሌሊት አስመሰከረ።

ቀጥሎ ዎከር ያደረገው ነገር በዘመኑ ያልተለመደ ነበር። በዚያ ጊዜ ትልቅ ዓሣ የያዘ ሰው ገድሎ፣ ቆዳውን በገለባ ወይም በሌላ ነገር አስሞልቶ፣ በመስታወት ሣጥን ግድግዳ ላይ መስቀል ይወድ ነበር። ዎከር ዓሣውን በከረጢት አድርጎ ከነሕይወቱ ውኃው ውስጥ አቆየውና ወደ ለንደን የአራዊት መጠበቂያ ስልክ ደወለ። ሠራተኞቹም መጥተው ወሰዱት። ካርፑ በዚያ የዓሦች ማሳያ ገንዳ ውስጥ ተቀመጠ፤ ሴት ነበረችና ክላሪሳ የሚል ስም ወጣላት። እርሷን ለማየት ብዙ ሰው ጎረፈ። አባቶችና ልጆች በመስታወቱ ፊት ቆመው ያን የሚያህል ዓሣ በሀገራቸው ኩሬ ውስጥ እንዳለ በዓይናቸው አረጋገጡ። ክላሪሳ በገንዳው ውስጥ 19 ዓመታት ያህል ኖራ በ1971 ሞተች።

ይህ ውሳኔ በሁለት በኩል ይታያል። ዎከር ዓሣዋን አልገደላትም፤ በዚህ ከዘመኑ ልማድ ቀድሞ ሄዷል። ወደ ሬድማየርም ግን አልመለሳትም። ጭቃውን እየማገች፣ በአረሙ መካከል እየተሹለከለከች ያደገች ፍጡር ቀሪ ዕድሜዋን በመስታወት ግድግዳ መካከል ጨረሰች። ዛሬ በእንግሊዝ ሐይቆች የሚወዳደር ሰው ዓሣውን መዝኖ ከያዘበት ውኃ ውስጥ መልሶ ይለቃል እንጂ ወደ ሌላ ቦታ አይወስድም። ከመግደል ወደ መልቀቅ በተደረገው ጉዞ ውስጥ የክላሪሳ ገንዳ በመካከል ያለች ማረፊያ ናት።

ዎከር በክብረ ወሰኑ ተኩራርቶ ብልሃቱን ለራሱ ማስቀረት ይችል ነበር። አላደረገውም። በ1953 በረጉ ውኃዎች ላይ ስለ ማጥመድ የጻፈውን ታዋቂ መጽሐፉን አሳተመ። የመጽሐፉ ትምህርት በአጭሩ ሲታይ የገበሬ ትምህርት ይመስላል። አስቀድመህ ዓሣው የት እንዳለ ፈልገህ አግኝ፤ ያገኘኸውን አታስደንግጥ፤ የሚበላውን በሚበላበት ሰዓት አቅርብለት፤ ሲይዝልህ የማይከዳህ መሣሪያ ይኑርህ የሚል ነው። ከዚህ ጋር የውኃውን ሙቀት በመለኪያ ማወቅን፣ የነፋሱን አቅጣጫ ማስተዋልን፣ ያዩትን መመዝገብን አስተማረ። ከእርሱ በፊት ሰው ዓሣ አልያዘልኝም ሲል ዕድሉን ይወቅሳል፤ ከእርሱ በኋላ ግን ምን አጎደልሁ ብሎ ራሱን መጠየቅ ጀመረ።

በዚያው ዓመት አንግሊንግ ታይምስ የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ተቋቋመ፤ ዎከርም ዓምደኛው ሆነ። ለ30 ዓመታት ገደማም በየሳምንቱ ጻፈ። አንባቢዎቹ በአብዛኛው የፋብሪካ፣ የማዕድንና የባቡር ሠራተኞች ነበሩ፤ ሳምንቱን በጢስና በጩኸት ውስጥ አሳልፈው እሑድ ጠዋት ወደ ውኃ የሚወርዱ ሰዎች። ለእነርሱ የጻፈው ከመኳንንት ማጀት የወጣ ምሥጢር አልነበረም። ዘንጉን በገዛ እጃቸው እንዴት እንደሚሠሩ፣ የትኛው ውል እንደማይፈታ፣ ሊጡ ስንት ጊዜ እንደሚቦካ ነገራቸው።

አጥማጆች እስከ ዛሬ በየቀኑ የሚይዙት አንድ ነገርም ከእርሱ እጅ ወጥቷል። በቤድፎርድሺር አውራጃ አርልሲ በተባለ ሐይቅ ትልልቅ ዓሦች ከዳር ርቀው ይውላሉ። ተራው እርሳስ እዚያ ድረስ ሲወረወር በአየር ላይ እየተንገዳገደ ክሩን ያጠላልፋል። ዎከር እንደ እንባ ጠብታ ወደ አንድ ጫፍ የሚሾጥ፣ ክሩ ሳይጠማዘዝ እንዲዞር የሚያደርግ ማያያዣ ያለው እርሳስ ቀረጸ። ቀጥ ብሎ ይበራል፤ ሩቅ ያርፋል። ስሙም የአርልሲ ቦምብ ተባለ። ዛሬ በውድድር ላይ ያለ ሰው ዕጣው ከዓሦቹ ርቆ ቢያስቀምጠው የሚታመነው በዚህ ዓይነት እርሳስ ነው።

በኋለኛው ዕድሜው ትኩረቱን ወደ ትራውት ዓሣ አዞረ። ከላባና ከክር ነፍሳት የሚመስሉ ማጥመጃዎችን እየሠራ ሞከረ፤ በ1974 በዚሁ ጥበብ ላይ መጽሐፍ አሳተመ። የቀርከሃው ዘንግ ጌታ የነበረው ይህ ሰው ከካርቦን ክር የተሠራ ዘንግ ሲመጣ አሮጌውን አምልኮ አልተቀመጠም። አዲሱ ቀሎና ጠንክሮ ሲያገኘው ደገፈው። በክርክር ግን አይበገርም ነበር፤ ባመነበት ነገር ላይ ሸንጎ ሙሉ ሰው ቢቃወመው ከመከራከር አይመለስም። የወደዱትም የጠሉትም ጽሑፉን ሳያነቡ አያልፉም ነበር።

የክላሪሳ ክብረ ወሰን 28 ዓመታት ቆየ። ሰኔ 1980 ክሪስ ዬትስ የተባለ አጥማጅ ከዚያው ከሬድማየር 51 ፓውንድ ተኩል፣ ማለትም ከ23 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ካርፕ ያዘ። ዎከር በሕይወት ሳለ ይህን ለማየት በቃ። ቀኑ ሰኔ 16 ነበር፤ ይህም በአጋጣሚ አይደለም። በእንግሊዝ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ዓሦች እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ነው ተብሎ ማጥመድ በሕግ ይከለከል ነበር። አጥማጁ ሁሉ የሚናፍቀው ሰኔ 16 ሕጉ የሚፈታበት ቀን ነው። በብዙ ሐይቆች ላይ ክልከላው በኋላ ቢነሣም በወንዞች ላይ እስከ ዛሬ ይሠራል። 

ሪቻርድ ዎከር ነሐሴ 2 ቀን 1985 በ67 ዓመቱ ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ የካርፕ ነገር ሌላ መልክ ያዘ። በእንግሊዝና በፈረንሳይ ገጠር ብዙ ገበሬዎችና ባለ ርስቶች ኩሬ ቆፍረው፣ ካርፕ አርብተው፣ ጎጆና ድንኳን መትከያ አዘጋጅተው ዕረፍተኛ ይቀበላሉ። አንድ ዓሣ ተይዞ ይለቀቃል፤ ሌላ ሰው መልሶ ይይዘዋል፤ የገጠሩ ገቢም ይቀጥላል። ዓሣው ከሞተ አንድ ቀን ይበላል፤ ከኖረ ግን ለዓመታት እንግዳ ይጠራል። ውድድሮቹም የሚካሄዱት በእነዚህ ሐይቆች ላይ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ ይመስላል፤ ዓሣው ግን ሩቅ አይደለም። ካርፕ ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በዝዋይና በቆቃ ውኃዎች ውስጥ ይኖራል። ከዚህ የሚቀርበውም አለ። በጣና ሐይቅ የሚኖሩት በሳይንስ ላቤዮባርበስ የሚባሉት ዓሦች የካርፕ ቤተሰብ ናቸው። ከ15 በላይ ዝርያዎች በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተው፣ አንዱ ዓሣ በል፣ ሌላው ትል ለቃሚ፣ ሌላው ዕፅዋት ተመጋቢ ሆነው መገኘታቸው በዓለም ተመራማሪዎች ዘንድ የሚያስደንቅ ሀብት ነው። አብዛኞቹም የትም ሌላ ቦታ አይገኙም።

ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ተነሥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ ወንዞች አፍ ይሰባሰባሉ፤ ወደ ላይ ወጥተውም በጠጠራማ ጥሩ ውኃ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ በዚያ ሰዓት የሚይዘው የዛሬውን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ በሆዱ ያለውን የከርሞውንም ጭምር ነው። ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ ሲስፋፋ የእነዚህ ዓሦች ቁጥር ክፉኛ ማሽቆልቆሉን መዝግበዋል። ዘሩን በልቶ የከረመ ገበሬ በክረምት ምን እንደሚገጥመው አንባቢያችን ከማንም በላይ ያውቃል።

ዎከር ስለ ጣና የጻፈው ነገር የለም። የእርሱ ሕይወት ግን ዓሣን የሚያውቅ ሰው ከዓሣው ጋር የሚኖረው ግንኙነት እንዴት እንደሚለወጥ ያሳያል። ለመያዝ ብሎ ማስተዋል ጀመረ፤ የያዛትን ትልቋን ካርፕ ግን አልገደላትም። የእርሱን መንገድ የተከተሉትም ዓሣውን መልሰው መልቀቅን ሕጋቸው አደረጉት። በዓሣ ለሚተዳደር የጣና አጥማጅ የያዘውን ልቀቅ ማለት አይገባም፤ የልጆቹ እንጀራ ነው። ነገር ግን የትኛው ዓሣ መቼ ወደ የትኛው ወንዝ እንደሚወጣ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ራሱ ነው። ያ እውቀት መረቡን የት እንደሚዘረጋ እንደሚነግረው ሁሉ መቼ እንደሚያጥፈውም ሊነግረው ይችላል።

በእንግሊዙ ሐይቅ ዳር ውድድሩ ሲያበቃ ዳኛው የመጨረሻውን ክብደት ይጽፋል። ተወዳዳሪው ዓሣውን በሁለት እጁ ደግፎ ውኃው ውስጥ ያቆየዋል። ዓሣው እስትንፋሱ ሲመለስ ጅራቱን አንዴ ያወዛውዝና ወደ ጨለማው ይጠልቃል። ሰውየው ባዶ እጁን ጠርጎ ይነሣል፤ ሐይቁ ግን እንደ ሞላ ይቀራል።